«ዲግሪዬን የያዝኩት ለዚህ ነበር?» ስለ ጀማሪ የቢሮ ሥራ መሰልቸት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተመርቀው የመጀመሪያ ሥራቸውን ከሚጀምሩ ወጣቶች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ራሴ አንዱ ነበርኩ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ስለማውቀው፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ሳይናገሩት እሰማዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። መልሶቹን ሁሉ ትወዷቸዋላችሁ ብዬ አልጠብቅም።

ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ስገለብጥ እውላለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው የሥራው?

በአብዛኛው የሥራው ነው። በትክክል ለመናገር፣ ሥራው የተቆራረጠበት መንገድ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሥራ በጥቃቅኑ እየተከፋፈለ ማቀዱ ለአለቃ፣ መፈጸሙ ለሠራተኛ እንዲሆን ሰበከ። ቴይለር በዓይኑ ፊት የነበረው ፋብሪካና ብረት የሚጭን ጉልበተኛ ነው። ቢሮው ግን ትምህርቱን ከፋብሪካው ባላነሰ ፍቅር ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰው ሥራውን ከልቡ እንዲይዝ የሚያደርጉትን አምስት ነገሮች ለይተው አወጡ፦ ሥራው የተለያየ ችሎታ መጠየቁ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻው አንድ ሙሉ ነገር መሆኑ፣ ለሌላ ሰው የሚፈይደው ነገር መኖሩ፣ በራስ ለመወሰን ዕድል መስጠቱ፣ ውጤቱ ለሠሪው መታየቱ። የጀማሪን ጠረጴዛ በእነዚህ ብትመዝኑት ቀልሎ ይገኛል። እኔ ከአምስቱ ክፉኛ የሚጎዳው የሁለተኛው መጉደል ይመስለኛል። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ አታውቁም፤ ከእጃችሁ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድም አልተነገራችሁም። መሐሉን ብቻ ይዛችሁ ይመሻል።

ትምህርት ቤት እንዲህ አልነበረም። እዚያ የተጀመረ ነገር በጥቂት ወራት ያልቃል፣ ነጥብ ይሰጥበታል፣ አዲስ ይጀመራል። በየመንፈቁ ምን ያህል እንደደረሳችሁ የሚነግራችሁ ሰው ነበር። ቢሮ ውስጥ ፈተናም የለም፣ ዕረፍትም የለም፣ ቀጣይ ክፍልም የለም። አሥራ ስድስት ዓመት ያህል በዚያ ምት የኖረ ሰው ምቱ ሲቋረጥ ቢደናገር አይገርምም።

ለምንድን ነው እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ ለጀማሪ የሚሰጠው?

ስህተቱ ርካሽ ስለሆነ ነው። አለቃ ገና ላላወቀው ሰው የሚሰጠው ቢበላሽ በአንድ ቀን የሚጠገን ነገር ነው። ይህ ትክክለኛው ምክንያት ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ሌላው ምክንያት ያን ያህል አያስመካም፦ አሰልቺውን ሥራ ማንም ስለማይፈልገው ወደ ታች ይንከባለላል፣ ታች ደግሞ አዲሱ ሰው አለ። ሦስተኛም አለ፤ ማሠልጠን ጊዜ ይወስዳል፣ አለቃውም ጊዜ የለኝም ይላል። ከነዚህ ውስጥ የትኛው እናንተ ጋር እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ከሆነ እምነት ሲያድግ ሥራውም ያድጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሆኑ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

የምሠራው ነገር ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም። ተሳስቻለሁ?

ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። እኔ ተሳስቼ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሻጮችን ደረሰኝ ከዕቃ መረከቢያ ሰነድ ጋር ማመሳከር ነበር። ግራ እጄ ደረሰኙ ላይ፣ ቀኝ እጄ ውስጥ ቀይ እርሳስ። ቁጥሩ ከገጠመ ምልክት፤ ካልገጠመ ክብ። በቀን ሁለት መቶ ያህል ወረቀት፣ ሰባት ወር። ክብ ያደረግኩባቸው የት እንደሚገቡ አልጠየቅኩም፤ ጠዋት ተሰብስበው ይወሰዳሉ፣ በቃ። አንድ ቀን መልእክተኛው ስለቀረ ራሴ ይዣቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረድኩ። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካየኝ በኋላ «ይህን ቀይ ክብ የምታደርገው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝና ከመሳቢያው ጠርዙ የተላጠ ደብተር አወጣ። የላክኳቸውን ክቦች ሁሉ በየቀኑ መዝግቦ፣ በየሻጩ ለይቶ ይዟቸዋል። በጣቱ ወደ ታች እየወረደ አሳየኝ፦ አንዱ ሻጭ ወር በተጠናቀቀ ቁጥር፣ ግምጃ ቤቱ በሚጣደፍበት ቀን፣ ከመቶ ካርቶን ሁለት ወይም ሦስት ያጎድላል። ሌላ ቀን አያጎድልም። ሰባት ወር ሙሉ የሌባ ዱካ ስከተል ከርሜ አላወቅኩትም።

በማግስቱ ሥራው ያው ነበር፤ እርሳሱም ያው። የወር መጨረሻ ሲደርስ ግን ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጌ መቀመጥ ጀመርኩ።

ይህ የኔ ብቻ ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። አዳም ግራንት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን ተመለከቱ፤ ሥራው አንድን ንግግር ቀኑን ሙሉ መደጋገም ነው። ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ በተሰበሰበው ገንዘብ ከሚማር አንድ ተማሪ ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል ተገናኙ። ከወር በኋላ የእነዚህኞቹ የስልክ ላይ ጊዜና የሰበሰቡት ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ያልተገናኙት ባሉበት ቆዩ። ንግግሩ አልተለወጠም፣ ደመወዙም አልተለወጠም።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው፦ ወረቀታችሁን ተከተሉት። ከእናንተ ቀጥሎ የሚነካውን ሰው ፈልጉና «ይህ ሲደርስህ ምን ታደርግበታለህ? የቱ ክፍሉ ያስቸግርሃል?» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚመለስላችሁ መልስ ያስደንቃል። አንዳንዴ ደግሞ «ፋይል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ማንም አይጠይቀውም» ይሏችኋል። ያ ሲሆን አታኩርፉ። ማንም የማያነበውን ሪፖርት ያገኘ ጀማሪ ለአለቃው ይዞት የሚቀርበው ጥሩ ነገር አገኘ ማለት ነው።

ሐሳቤ ይበተናል፣ ስህተት እየሠራሁ ነው። ሰንፌ ነው?

አይመስለኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ራዳር ተመልካቾች በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ምልክት ሳያስተውሉ ያሳልፉ ነበር። ኖርማን ማክወርዝ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉዳዩን ለመመርመር ሰዎችን ከአንድ የሰዓት መሰል ክብ ፊት ለሁለት ሰዓት አስቀመጠ። ቀስቱ እርምጃ በእርምጃ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ አንድ እርምጃ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ቁልፍ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው ውጤት፣ ገና ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ የሚያመልጠው ቁጥር እንደሚጨምር አሳየ። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። የሰው ትኩረት ለእንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም።

ስለዚህ ማመሳከርን ሦስት ሰዓት በአንድ ጊዜ አትሥሩት። በግማሽ ሰዓት ከፋፍሉት፤ በመሐል ቆማችሁ የምትሠሩትን ሌላ ነገር አስገቡ፣ ደብዳቤ ማስፈረምም ይሁን መደርደሪያ ማስተካከል። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ጠዋት ሥሩት። ረጅም ቁጥር ስታመሳክሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብቡት፤ ዓይን የለመደውን አቅጣጫ ሲያጣ ይነቃል። ይህን የነገረችኝ ሠላሳ ዓመት ያህል ሒሳብ የሠራች ባልደረባዬ ናት።

ለአንድ ረድፍ፣ ለአንድ ነጥብ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ዋጋ አለው?

እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ እንደሚወርድ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ወጪ ይቀነስ የሚሉ ፖለቲከኞች በየአገሩ ጠቀሱት። ቶማስ ሄርንደን የተባለ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለክፍል ሥራ የታተመ ጥናት ወስደህ ቁጥሩን ድገመው ተብሎ ነበርና ይህንኑ መረጠ። አልገጥም አለው። ከጸሐፊዎቹ የኤክሴል ፋይሉን ተቀብሎ ሲከፍተው፣ አማካዩ ከረድፍ 30 እስከ 49 መደመር ሲገባው 44 ላይ ቆሟል። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል።

ሄርንደንና መምህራኑ በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህንና ሌሎች የአሠራር ችግሮችን ሲያርሙ፣ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው አገሮች ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ተብሎ የነበረው አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች የረድፉን ስህተት አምነዋል፤ በዋናው ሐሳባቸው ግን ጸንተዋል። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ሥራው ነው፦ የሌላ ሰው ሠንጠረዥ ከፍቶ ድምሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ማየት። በየቢሮው ለጀማሪ የሚሰጠው ይኸው ሥራ ነው።

በቀን የሁለት ሰዓት ሥራ ነው ያለኝ። የቀረውን ጊዜ ሥራ የበዛበት መስዬ አሳልፋለሁ። ይህ ዕድል ነው ወይስ ችግር?

ችግር ነው፤ ለሌላ ሰው ስትነግሩት የሚያስቀና መሆኑ ደግሞ ያባብሰዋል። ሁለት የስዊዘርላንድ አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ሁኔታ ቦርአውት የሚል ስም አወጡለት፤ ከሥራ ብዛት ከመቃጠል ተቃራኒው መሆኑ ነው። በ2020 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሥራ ተነፍጎት በባዶ ወንበር ለኖረ ሠራተኛ ድርጊቱ የሥራ ቦታ በደል ነው ብሎ ካሣ ወስኖለታል።

መስሎ መዋል ያደክማል። አለቃ ሲያልፍ የኮምፒውተሩን መስኮት መቀየር፣ ያለቀን ሰነድ ከፍቶ መዝጋት፣ የሁለት ሰዓቱን ሥራ ወደ ስምንት ማስረዘም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የመጨረሻው ነው፤ እጅ ቀስ በቀስ በዚያ ፍጥነት ይለምዳል። ሥራ ካለቀባችሁ መጀመሪያ በግልጽ ተናገሩ። ተናግራችሁም ካልተሰጣችሁ፣ ትርፉን ጊዜ ለሥራው በሚቀርብ ትምህርት ላይ አውሉት፤ የቆዩ ማህደሮችን ማንበብ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የት የት እንደወደቀ ከድሮ ደብዳቤዎቹ የበለጠ የሚናገር የለም።

ለአለቃዬ እንዴት ልንገራቸው?

«ሥራው ሰልችቶኛል» አትበሉ። እውነት ቢሆንም ለሰሚው የሚሰጠው የሚይዘው ነገር የለም፤ ራሳቸውም ምናልባት ስልችት ብሏቸው ይሆናል። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ «ያለፉትን ሦስት ወራት ማመሳከሪያ በጊዜው አድርሻለሁ፤ ባለፈው ወር የተመለሰብኝ የለም። የወር መጨረሻውን ሪፖርት ሲያዘጋጁ አንድ ጊዜ አብሬ እንድሠራ ቢፈቅዱልኝ? የተለመደው ሥራዬ አይጓደልም።»

እዚህ ውስጥ ያለውን አስተውሉ። የሠራችሁት አለ፣ የምትፈልጉት አንድ የተወሰነ ነገር አለ፣ አለቃው የሚፈሩት ነገር ደግሞ አስቀድሞ መልስ አግኝቷል። ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ እምቢ ለማለትም ይከብዳል። ሰኞ ጠዋት ወይም ሪፖርት በሚደርስበት ቀን አትጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ «መቼ ብጠይቅ ይሻላል?» በሉና ቀኑን ጻፉት። ሁለት ጊዜ ቀን ሰጥተው ሁለቱንም ያሳለፉ አለቃ መልሳቸውን ሰጥተዋል።

ሥራውን ራሴ ማሻሻል እችላለሁ?

ጥቂት ትችላላችሁ። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ዳተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰዎች የተሰጣቸውን ሥራ ዳር ዳሩን ራሳቸው እንደሚቀርጹት አሳይተዋል። ከምሳሌዎቻቸው መካከል የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች አሉ፦ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል ማጽዳት ብለው ሲወስዱት፣ ሌሎቹ ታማሚውንና አስታማሚውን ጭምር መርዳት አድርገው ያዩትና በዚያው መንገድ ይሠሩታል።

በቢሮ ውስጥ ቀላሉ መጀመሪያ የሚደጋገመውን በኤክሴል ቀመር ማሳጠር ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። አንደኛ፣ የራሳችሁን ዘዴ ከአሮጌው ጎን ለጎን አንድ ወር አስኪዱትና ውጤቱ መግጠሙን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ከእናንተ በቀር ማንም የማይገባው ፋይል ሠርታችሁ አትሂዱ፤ አሠራሩን በግማሽ ገጽ ጻፉለት። የቀደመ ሠራተኛ ትቶት የሄደውን ምስጢራዊ ሠንጠረዥ ስፈታ ያሳለፍኳቸውን ምሽቶች አልረሳም።

ይህን ሥራ ነገ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊሠራው ከሆነ ለምን እለፋለሁ?

መገልበጡንና መደርደሩን ከማሽን ጋር መፎካከር አያዋጣም፤ እሱን ልቀቁለት። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር አይቶ «ይህ ሊሆን አይችልም» ለማለት ግን የትኛው ቁጥር ያልተለመደ እንደሆነ በእጅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ እጅ የሚሠራው ደግሞ በዚሁ አሰልቺ ወረቀት ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመሥሪያ ቤቶች ነገር ነው። የመሰላሉን የታችኛውን እርከን ቆርጠው ከጣሉ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ልምድ ያለው ሰው ከየት ሊያመጡ ነው? የመሥሪያ ቤታችሁን ምስጢራዊ ሰነድ ሳይፈቀድላችሁ በውጭ መሣሪያ ላይ እንዳትጭኑ ሳልናገር አልልፍም።

አይንስታይንም የቢሮ ሠራተኛ ነበር እያሉ ያጽናኑኛል። ልጽናና?

አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 በበርን የፈጠራ ባለቤትነት ቢሮ የሠራው እውነት ነው፤ ሲገባ መዓረጉ ሦስተኛ ደረጃ ቴክኒካዊ ባለሙያ ነበር፤ ዓለምን የለወጡት የ1905 ጽሑፎቹም የዚያ ጊዜ ናቸው። ነገር ግን ሥራው የሰዎችን ፈጠራ እየመረመረ ስህተታቸውን ማውጣት ነበር። ቁጥር ከመገልበጥ ጋር አንድ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ለእናንተ የሚቀርበው ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ይመስለኛል፤ በፕራግ የሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም ከ1908 እስከ 1922 ሠርቷል፣ ሥራውን አማሯል፣ ግን በደንብ ይሠራው ስለነበር በየጊዜው ዕድገት አግኝቷል። ሥራው እንደ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች እስከ ማታ አይዘልቅም ነበር፤ ከሰዓት በኋላው የእሱ ነበር። ሥራው ካልሞላላችሁ ቢያንስ ምሽታችሁን እንዳይበላ ጠብቁት።

ሥራ በማግኘትህ አመስግን ይሉኛል። ማማረሬ ነውር ነው?

አይደለም። ሥራ አጥነት ከመሰልቸት ይከፋል፤ ያ ግን መሰልቸቱን አያስቀረውም። የሚሏችሁ ሰዎች ያለፉበትን ስለሚያውቁ ነውና አትቆጧቸው።

ጓደኞቼ ሁሉ የተሻለ ቦታ የገቡ ይመስለኛል።

የሥራ ቦታ ፎቶ የሚነሳው ስብሰባ ላይና በዓል ላይ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማህደር ሲያስተካክል ፎቶ የሚነሳ የለም። ብቻቸውን አግኝታችሁ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

መቼ ልልቀቅ?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ከእናንተ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው አሁን የት ነው? ከእሱ በፊት የነበረውስ? ሁለቱም ወደ ሌላ ክፍል አድገው ወይም የተሻለ ቦታ ተቀጥረው ከሆነ ወንበሩ መተላለፊያ ነው። አንዱ ስድስት ዓመት እዚያው ቆይቶ፣ ሌላው በአራተኛ ወሩ ሳይሰናበት ከሄደ ግን ወንበሩ ራሱ ነግሯችኋል።

ከዚያ ደብተር ግዙና ሳምንቱ ባለቀ ቁጥር ያወቃችሁትን አንድ አዲስ ነገር ጻፉ። ትንሽ ይሁን፤ የአንድ ሰነድ አሠራርም ይሁን፣ ከማን ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚሻል። ስምንት ሳምንት ተከታትሎ ባዶ ከሆነ፣ ለአለቃም ሁለት ጊዜ ተናግራችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ ሌላ መፈለግ ጀምሩ። ፈልጉ አልኩ እንጂ መልቀቂያ አስገቡ አላልኩም፤ አዲሱ የቅጥር ደብዳቤ እጅ ሳይገባ አሮጌውን ሥራ አትልቀቁ። ይህ ምክር የማይሠራው ሐሰተኛ ሰነድ ፈርሙ ስትባሉ ወይም ስትዋረዱ ነው። ያን ጊዜ ስምንት ሳምንት አይጠበቅም።

አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ብወጣ ያስወቅሰኛል የሚል ፍርሃት አለ። አንድ አጭር ቆይታ ማስረዳት ይቻላል፤ ሦስት ተከታታይ ግን ከባድ ነው። ቀጣዩን ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እናንተም ጠይቁ፦ «በዚህ መደብ ላይ ያለ ሰው ትናንት የዋለውን ቀን ከጠዋት ጀምረው ቢነግሩኝ?» መልሱ ስለ ራእይና ስለ ዕድል ብቻ ከሆነ ተጠራጠሩ።

እኔ ቀጣሪ ነኝ። ጀማሪዎቹ በስድስት ወር ይለቁብኛል። ምን ላድርግ?

የሥራ ማስታወቂያዎን እንደገና ያንብቡት። «ተለዋዋጭና ፈታኝ» ብለው ጽፈው ቁጥር የሚያስገለብጡ ከሆነ፣ ቅሬታውን የዘሩት እርስዎ ነዎት። ጆን ዋኖስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት የስልክ ኦፕሬተርነት ዕጩዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን የተለመደውን ማራኪ ፊልም፣ ለሌላው ሥራውን ከነአሰልቺነቱ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ። እውነቱን ያዩት ሥራውን ከመቀበል ወደ ኋላ አላሉም፤ ከገቡ በኋላ ግን ስለ መልቀቅ የሚያስቡት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

አሰልቺው ሥራ የሚያበቃበትን ቀን በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው፤ ቀኑንም ያክብሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አንድ ማህደር አስይዘው፣ ሰነዱ ከሚገባበት መዝገብ ቤት እስከሚያርፍበት ድረስ በሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች ሁሉ በእግር ይውሰዷቸው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዕቃ ግምጃ ቤቱን እንዳይዘሉት።